ዓይን ያየውና ካሜራው ያየው

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለጽሑፍ የተዘጋጀ)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁ አጠገባችሁ ካለ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8ን ግለጡና ከቁጥር 22 እስከ 26 ያለው ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ እርሱ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን ወደ ሩቅ ሰሜን ልውሰዳችሁ።

ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ የምትባል ከተማ አለች። ከአርክቲክ ክበብ ወደ ሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እዚያ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ እስከ ጥር የመጀመሪያ ሳምንት ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ጭላንጭል ይታያል፤ ወዲያው ተመልሶ ይጨልማል። እኛ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነግቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመሽ ያደግን ሰዎች ይህን በወሬ ካልሆነ አናውቀውም። ሆኖም ሰው ከዓለም ዙሪያ ገንዘቡን ከፍሎ ወደዚያ ጨለማ ይጎርፋል። የሚሄደው በጨለማው ውስጥ ስለሚታየው ብርሃን ነው።

አውሮራ ይሉታል፤ የሰሜን ብርሃን። ሰማይ ላይ እንደ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳገኘው ሲወዛወዝ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይረጫሉ። ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ሲኖር ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ በብዛት ወደ ምድር ይደርሳሉ። ምድራችን በዙሪያዋ የማይታይ መግነጢሳዊ ጋሻ አላት። አብዛኛውን ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ ከፊሉ ግን በጋሻው መስመር እየተመራ በዋልታዎቹ ዙሪያ ይወርድና ከአየሩ ጋር ይጋጫል። የተመታው ኦክስጅን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አረንጓዴ ያበራል፤ ከዚያ በጣም ከፍ ሲል ቀይ። ናይትሮጅን ሰማያዊና ሐምራዊውን ይጨምርበታል። እግዚአብሔር ጋሻ ሠርቶልን ጋሻውን ደግሞ አስጌጠው፤ እኔ እንዲህ ነው የምለው።

አንዳንድ ሰባክያን ኢዮብ 37 ላይ ኤሊሁ ከሰሜን ስለሚመጣ ወርቃማ ድምቀት የተናገረውን ጠቅሰው «ይኸው አውሮራ በመጽሐፍ ቅዱስ!» ይላሉ። እኔ አልደፍርም። ክፍሉ የሚናገረው ስለ ማዕበል፣ ስለ ደመናና ነፋስ ጠርጎ ስላጠራው ሰማይ ነው። ቃሉ ያላለውን ማስባል ለቃሉ ክብር አይጨምርለትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የዛሬው መልእክቴ በዚህች ዙሪያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኖርዌይ ያሉ ወገኖቻችን ለአገልግሎት ጋብዘውኝ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ፎቶ ማንሳት የሚወድ አንድ ወንድም «ፓስተር፣ እዚህ ድረስ መጥተው ሳያዩት አይመለሱም» ብሎ ወደ ሰሜን ይዞኝ ሄደ። ጉዞው እንደ ሽርሽር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብርሃኑ በቀጠሮ አይመጣም። ደመና ካለ ደግሞ ከላይ ሰማዩ ቢነድም ከታች ያለ ሰው ምንም አያይም። ሁለት ሌሊት ደመናና በረዶ ብቻ አይተን ተመለስን። በሦስተኛው ሌሊት የአየር ትንበያውን ተመልክቶ መኪናውን ከባሕሩ ወደ መሃል አገር፣ በፊንላንድ ድንበር አቅጣጫ ነዳው። ከባሕሩ ሲርቁ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ብርዱ ግን ይብሳል። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበን እንኳ እግራችን ይደነዝዝ ነበር።

የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ባትሪ በደረት ኪሱ፣ ከሰውነቱ ሙቀት ጋር አስቀምጦታል። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አሰረው፤ በእጅ ከተያዘ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ትኩረቱንም ለካሜራው አልተወለትም፤ በጨለማ ካሜራ የሚይዘው ያጣል። አንድ ደማቅ ኮከብ መርጦ በእጁ አስተካከለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

«ፓስተር፣ ይቅርታ፣ ሞባይልዎን ያጥፉት» አለኝ።

«ለምን?»

«ዓይንዎ ጨለማውን እንዲለምድ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዴ ስክሪን ካዩ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።»

(ስለ ጸሎት ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም ነበር። ለሌላ ሳምንት ይቆየን።)

ጠበቅን። በመጨረሻ ከተራራው በላይ የሆነ ነገር ታየ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንደ ማለዳ የምድጃ ጢስ ነጣ ያለ፣ ከተባለም ትንሽ አረንጓዴ የነካው ቀስት ነበር። «ደመና ነው?» አልኩት። «አይደለም ፓስተር፣ እሱ ራሱ ነው» አለና ካሜራውን ተጫነ። ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ 10 ሰከንድ ያህል ቆየ፤ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ስክሪኑን ሲያሳየኝ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ሰማይ፣ ከጫፉ ሐምራዊ! አጠገባችን በአውቶቡስ የመጡ ጎብኚዎች ነበሩ። ስክሪናቸውን ሲያዩ ይጮኻሉ፤ ቀና ብለው ሰማዩን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በጨለማ የሚያገለግለው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ካሜራው ግን የ10 ሰከንዱን ብርሃን አንድ ላይ አጠራቅሞ ያሳያል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል መጥቶ ብርሃኑ ከወትሮው እጅግ ወደ ደቡብ ወርዶ በታየ ጊዜም እንዲሁ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው በዓይኑ ፈዘዝ ያለ ነገር አይቶ፣ ሞባይሉ ላይ ቀይና ሮዝ ሰማይ አገኘ።

ታዲያ ካሜራው ዋሸ? አልዋሸም። የሰበሰበው ብርሃን በሙሉ እውነተኛ ነው። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ደግሞ ያ ቀስት ከየት መጣ ሳይባል ተነሣ፤ ከራሳችን በላይ ተተረተረ፤ ያን ጊዜ በባዶ ዓይናችን አረንጓዴውን አየነው። አምስት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ሁለታችንም ቃል አልወጣንም፤ እሱም ካሜራውን ረስቶት ነበር። ጌታ እንዲህም ያደርጋል! ነገር ግን ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያወራው የትኛውን ነው? ፎቶውን አሳይቶ «እንዲህ ሆኖ አየሁት» ካለ፣ 10 ሰከንዱን ስለ ደበቀ ነው እንጂ ካሜራው ምንም አላጠፋም። የእሱን ፎቶ አይቶ ገንዘቡን አጠራቅሞ የሄደው ደግሞ ያን ነጣ ያለ ቀስት ሲያይ «ተታለልኩ» ብሎ ይመለሳል። በፊቱ የቆመውን እውነተኛ ብርሃን ሳያየው!

የዚህ ብርሃን የመጀመሪያው ፎቶ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1892 እዚያው ሰሜን ኖርዌይ፣ አልታ አካባቢ ነው፤ ያነሣው ማርቲን ብሬንደል የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ካርል ስቶርመር የሚባል የኖርዌይ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ወደዚያው አካባቢ ሄዶ አንድ ብልሃት ሠራ። ብርሃኑ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ በአንድ ካሜራ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ሁለት ካሜራዎች ተክሎ በስልክ አገናኛቸውና በአንድ ቅጽበት እንዲያነሡ አደረገ። ሁለቱን ፎቶዎች ከኮከቦቹ ጋር እያስተያየ ከፍታውን አሰላው። እዩልኝ! ዘዳግም 19 ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ያለው ለፍርድ አደባባይ ብቻ መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። እኔ ጴንጤቆስጤ ነኝ። ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ በሕሙማን ላይ እጅ እጭናለሁ፤ ሲፈወሱም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን የምናገረው እንደ ውጭ ሰው አይደለም። የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በሞባይል አንድ የምስክርነት ቪዲዮ ደረሳቸው። ሰውዬው መድረክ ላይ ቆሞ «ከስኳር ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጥቻለሁ፤ መድኃኒቴን ጥያለሁ» ይላል፤ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። እናታችን «ለእሱ ያደረገ ለእኔም ያደርጋል» ብለው መርፌውን አቆሙ። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ተርፈዋል። በኋላ ሰውዬው ሲጠየቅ ምን አለ? ከጸሎቱ በኋላ ስኳሩ ወርዶ ነበር፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠን ቀንሶለት ነበር። መድኃኒቱን አልተወውም፤ «ጣልኩት» ያለው በጉባኤው ሙቀት ነው። እናንተዬ፣ ስኳሩ መውረዱና መጠኑ መቀነሱ ብቻውን ሃሌሉያ አያስብልም ነበር? ያ ነጣ ያለው ቀስት እኮ እውነተኛ ብርሃን ነው! ለምን ቀለም ቀባነው?

አሁን ጣታችሁ ያለበትን ክፍል ተመልከቱ። ቤተ ሳይዳ ላይ ዕውር የሆነ ሰው ወደ ኢየሱስ አመጡ። ጌታ እጁን ይዞ ከመንደሩ ወደ ውጭ አወጣው፤ ዓይኑን ዳሰሰው፤ የሚያየው ነገር እንዳለም ጠየቀው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ሰው በእግዚአብሔር ልጅ ፊት ነው የቆመው። ያመጡት ሰዎች እየጠበቁ ነው። እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? «አሜን ጌታ ሆይ፣ በሙላት አያለሁ!» እሱ ግን ሰዎችን እንደሚያይ፣ ነገር ግን የሚራመዱ ዛፎች እንደሚመስሉት ተናገረ። ጌታ አልተቆጣውም። «እምነትህ ጎደለ» አላለውም። እጁን ሁለተኛ ጫነበት፤ ያን ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ። ሰውዬው በመጀመሪያው ዳሰሳ ላይ ጨምሮ ቢናገር ኖሮ እየተደናበረ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተፈወሰ እያለ፣ እሱ ግን ዛፍና ሰው ሳይለይ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጌታ ከፈወሰው በኋላ ወደ ቤቱ ሰደደው እንጂ በመንደሩ ውስጥ እንዲያልፍ እንኳ አላደረገውም።

ጳውሎስም እስከ ሦስተኛው ሰማይ ተነጥቆ፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ነገሩን ሲያነሣ 14 ዓመት አልፎታል፤ ያውም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ። ምክንያቱንም ቁጥር 6 ላይ አስቀምጦታል፦ ሰው በእኔ ከሚያየውና ከእኔ ከሚሰማው አልፎ እንዳይገምተኝ እቆጠባለሁ ነው ሐሳቡ። እኛ በ14 ደቂቃ ውስጥ ቪዲዮውን እንለቀዋለን።

መሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ወደ መድረክ ሲመጣ አትገፋፉት። «ሙሉ በሙሉ ነው አይደል? አሜን በል!» አትበሉት። ለምጻሙን ጌታ ራሱ ወደ ካህኑ ሂድና ራስህን አሳይ ብሎታል (ማርቆስ 1፥44)፤ የዛሬው ሰው ሐኪሙ ጋ ሄዶ ቢመረመር ጌታ አያፍርም። ሁለተኛው ካሜራ ይተከል። ቪዲዮ የምታዘጋጁ ወጣቶችም፣ «እስካሁን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ያለበትን ቦታ አትቁረጡት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የአንዲት እናት ሕይወት ናት።

አንተ ደግሞ በከፊል የዳንከው ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሰው ፊት «ጨርሻለሁ» ብላችሁ ማታ ብቻችሁን የምታለቅሱ፣ ወደ ጌታ እንቅረብ። መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ፣ እጃችሁን በደረታችሁ አድርጋችሁ ከእኔ ጋር በሉ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ዳስሰኸኛል፤ ስለዚያ አመሰግንሃለሁ። ግን ገና ሰዎቹ እንደ ዛፍ ይታዩኛል። ሁለተኛ እጅህን ጫንብኝ። አሜን።