የሜንዴልሶን 42ኛ መዝሙርና የእኛ ዳዊት
(ካዛንቺስ ላይ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ጀርመናዊው ፌሊክስ ሜንዴልሶን «መዝሙር 42» የተባለውን ድርሰቱን የጀመረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837፣ በጫጉላው ጉዞ ላይ ሳለ ነው። ላይፕሲግ ላይ በጥር 1 ቀን 1838 ተሰማ። ከእኛ መካከል ቁጥሩን ይዞ የግእዙን ዳዊት የሚገልጥ ግን ሌላ መዝሙር ያገኛል። ግእዙ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር እንደ አንድ ስለሚቆጥር፣ የተጠማው ዋላ የሚገኘው በ41ኛው ነው።

ድርሰቱ ሰባት ክፍል አለው። ሁሉን ትቼ በስድስተኛው ላይ ልቆይ። አንዲት ሴት በከፍተኛ ድምፅ ነፍሷ እንዳዘነች ለአምላኳ ትናገራለች፤ በዚያው ቅጽበት አራት የወንድ ድምፆች ከሥሯ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ይዘምራሉ። ኀዘንተኛይቱ እስክትጨርስ አጽናኞቹ አይጠብቁም። ጥር 15 በቂርቆስ፣ ጥር 22 በዑራኤል ማሕሌት የቆመ ሰው የለመደው ሌላ ነው፤ ግራና ቀኙ እየተቀባበለ፣ አንዱ ሲያዜም ሌላው ያደምጣል። ሜንዴልሶን ግን ሁለቱን አሳብ በአንድ ጊዜ ያሰማል። ሰው ሲያዝን ልቡ እንዲህ የተከፈለ ነውና፣ ከድርሰቱ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። በመጨረሻው ክፍል በመዝሙሩ ውስጥ የሌለ ምስጋና ጨምሮ በድል መዝጋቱ ግን ለጆሮዬ የቸኰለ ነው።

ይህን ሥራ በአማርኛ እንዘምረው የሚል አሳብ በመካከላችን አለ። እኔም እደግፋለሁ፤ የምፈራው ግን ጥብቀትንና ልላትን ነው። «ዋላው ይጠጣል» ስንል የመጀመሪያው «ጠ» ይላላል። ዘማሪው የዜማው ምት ከብዶት ካጠበቀው፣ የሚጠጣው ውኃው መሆኑ ይቀርና ዋላው ራሱ ይሆናል! ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ወረቀቱን የያዘው ዘማሪ አያስተውለውም። አድማጩ ግን ወዲያው ይሰማዋል።

አባቶቻችን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፣ የዜማውን ምልክት ከቃሉ ራስ ላይ አኖሩ። ዜማው ቃሉን ተከትሎ እንዲሄድ ነው። እኛ ደግሞ አስቀድሞ የተሠራ ዜማ ይዘን ቃል ልንፈልግለት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ከመዘምራኑ መሪ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ የሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ኖታው ሳይታተም ነጥብ ይደረግበት፤ ሥራውም ከስድስተኛው ክፍል ይጀመር። በአንድ ጊዜ የሚነገሩት ሁለት አሳቦች በአማርኛ ተለይተው ካልተሰሙ፣ የቀሩትን ስድስት ክፍሎች ለመተርጐም አንድከም።