ውሻ ጅራቱን ስለ መንከሱ



ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ በምትገኘው ኩርሙክና በአካባቢዋ ባሉ የሥራ ካምፖች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ሲመሽ ይፈታል፤ ሲነጋ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል። እንዲህ ያለው ውሻ እየተሽከረከረ ጅራቱን ሲነክስ መጀመሪያ ይሣቅበታል። ጅራቱ ደምቶ ዝንብ ሲወረው ዱላ፣ ወይም በቁስሉ ላይ የሚፈስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይከተላል። ዘይቱን ውሻው ስለሚልሰው መርዝ ይሆንበታል እንጂ አያድነውም።

በአንድ መሣሪያ ላይ የላላ ብሎን ንዝረትን ያመጣል፤ ንዝረቱም በተራው ሌሎቹን ብሎኖች ያላላል። መጀመሪያ የላላውን ብቻ ማጥበቅ እንደማይበቃ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም። የውሻውም ነገር ይኸው ነው፤ መንከሱን ያስጀመረው አንድ፣ እንዲቀጥል የሚያደርገው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሚያስጀምረው ብዙ ጊዜ ማሳከክ ወይም ሕመም ነው። ለቁንጫ ምራቅ ቆዳው የሚቆጣ ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ይሠቃያል፤ የሚያሳክከውም በተለይ የጅራቱ ሥር ነው። መዥገር፣ እከክ፣ የኮሶ ትል፣ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት እጢዎች መደፈን፣ በበር የተቀጠቀጠ ጅራት፣ እነዚህ ሁሉ ሊመረመሩ ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን የሚታሰብ አንድ ነገር አለ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ቀድሞ የተነከሰበትን ቦታ ሲያኝክ ሊታይ ይችላል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ቁስሉን ለማየት ተብሎ አይጨበጥም፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ቁንጫው ጠፍቶ፣ ቁስሉም ድኖ መንከሱ ካልቆመ፣ ነገሩ ልማድ ሆኗል ማለት ነው። ሥራ ፈትቶ በሁለት ክንድ ሰንሰለት ላይ የሚውል ፍጡር ከገዛ ጅራቱ በቀር የሚያሳድደው የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በፊንላንድ ተመራማሪዎች የታተመ፣ 368 ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ ጅራታቸውን የሚያሳድዱት ከሌሎቹ ይልቅ ከእናታቸው ቀድመው የተለዩ ሆነው መገኘታቸውን ያመለክታል። ቡችላን ገና ሳይጠነክር መውሰድ በተለመደበት አገር ይህ ቸል የሚባል አይደለም፤ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር ሊቆይ ይገባዋል።

መፍትሔው ከማኅበሩ አባላት ሙያ የራቀ አይደለም። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱን በቀለበት ማንጠልጠል፣ ውሻው ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ ያደርገዋል። ሽቦው ጥላንና የውሃ ዕቃን የሚያካትት፣ ሰንሰለቱም ከምሰሶው የማይጠመጠም ይሁን። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ማንሸራሸርና የሚያኝከው ነገር መስጠት ይጨመርበታል። መንከስ ሲጀምር መጮኽም ሆነ መሣቅ አይገባም፤ ብቸኛ ለሆነ ውሻ ሁለቱም ዋጋ ናቸውና። ጸጥ ባለ ጊዜ ግን ይጠራ፤ ይዳበስ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለማይተው ውሻ ሐኪም እንደ ክሎሚፕራሚንና ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶችን ሊያዝ ይችላል፤ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በመካከል ማቋረጥ አይገባም። ጅራቱን መቁረጥ ግን፣ የሞተ ሥጋ ወይም የማይድን ቁስል ካላስገደደ በቀር፣ ከንቱ ነው፤ ልማዱ ያልተወው ውሻ የቀረውን ጉራጅ ይነክሳልና።