ገንዘቡ የሚሠራው የት ነው?
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ደጎሎ ላይ የቀረበ ንግግር



በውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችን ለሴት ልጆቻችን ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ሊያሰባስቡልን ተነሥተዋል። ሐሳባቸው ዋናውን በያሉበት አገር በኢቲኤፍ አስቀምጠው፣ በየዓመቱ ከሚያፈራው እንዲልኩልን ነው። “የትኛውን እንግዛ?” ብለው ስለ ጠየቁን በኮሚቴ የመከርንበትን እነሆ እናቀርባለን።

ኢቲኤፍ ብዙ ሰዎች በጋራ ባዋጡት ገንዘብ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ ነው። የየሰዉ ድርሻ ደግሞ እንደ አክሲዮን በገበያ ይሸጣል፣ ይገዛል። እንደ ዕቁብ መዋጮ አለው፤ ዕጣ ግን የለውም፤ ያስገቡትም ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። በአገራችን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እዚህ ያለነው ብር ወደ ውጭ ልከን የውጭ ፈንድ ለመግዛት ግን የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልገናል። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ውጭ ስላለው ገንዘብ ብቻ ነው።

ሦስት ጥያቄዎችን ለያይተን እንይ።

አንደኛ፣ ፈንዱ የተቋቋመው የት ነው? የሚሸጠውስ በየትኛው ገበያ ነው? አየርላንድ የተቋቋመ ፈንድ ለንደንም ፍራንክፈርትም ሊሸጥ ይችላል። ሳውዲ ወይም ኤምሬትስ ያለች ልጃችን አሜሪካ የተቋቋመ ፈንድ ብትገዛ፣ ከ100 ዶላር የትርፍ ድርሻ 30 ዶላሩ ለአሜሪካ ግብር ይቀራል። አየርላንድ የተቋቋመ ከሆነ ግን ፈንዱ ከአሜሪካ ኩባንያዎች በሚያገኘው ትርፍ ላይ የሚቆረጠው 15 ነው። አሜሪካ ለሚኖሩት ወዳጆቻችን ነገሩ ይገለበጣል፤ በውጭ የተቋቋመ ፈንድ ከባድ የግብር ጣጣ ያመጣባቸዋል። ስለዚህ ሁላቸውም አንድ ዓይነት ፈንድ ይግዙ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ዋጋው የሚጠራው በምን ገንዘብ ነው? የሳውዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ ዶላር በ3.75 ሪያል ተተምኖ የቆየ ነው። ሪያል ያላት ልጅ በዶላር የሚጠራውን ብትገዛ ምንዛሬው ብዙም አይጎዳትም፤ በፓውንድ የሚጠራውን ለመግዛት ግን የመመንዘሪያ ወጪ ይጨመርባታል። የእኛም ብር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዚያ ጊዜ ምንም ያላደገ ፈንድ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፈንዱ አደገ ወይስ ብሩ ወረደ የሚለውን ለመለየት፣ ሪፖርቱ በዶላርም በብርም እንዲቀርብልን እንጠይቃለን።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ገንዘቡ የሚሠራው የት ነው? በጃማ ዋልካ ላይ የበቀለ ስንዴ ደሴ ቢሸጥ፣ አዲስ አበባም ቢሸጥ የጃማ ስንዴ ነው፤ ምርቱን የሚወስነው የጃማ ዝናብ ነው። ለንደን ላይ በፓውንድ የሚሸጥ የአሜሪካ አክሲዮን ፈንድም እንዲሁ ዕድሉ ከአሜሪካ ጋር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፈንድን ስም ግን የሚያወጣው ሻጩ ነው። “ዓለም” ከሚባሉት ፈንዶች ብዙዎቹ የበለጸጉትን አገሮች ብቻ የያዙ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ አሜሪካ ነው። ስለዚህ ከስሙ አልፎ የአገሮቹን ዝርዝር ማንበብ ይገባል።

የእኛ እርሻ፣ በጋችን፣ ቁጠባችን፣ ብድራችንም ጭምር በአንድ ክረምትና በአንድ ብር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ክረምቱ ሲከፋ የአባላት መዋጮ ይሳሳል፤ ልጆችም ከትምህርት የሚቀሩት ያን ጊዜ ነው። ለልጆቹ የሚቀመጠው ገንዘብ እኛ በምንጎዳበት ዓመት አብሮን የማይጎዳ መሆን አለበት። “የአገራችንን ወይም የአፍሪካን ብቻ ይግዙልን” የሚል አስተያየት ከአንዳንድ እህቶች ቀርቧል፤ ፍቅሩን እናከብራለን። ነገር ግን እዚህ ያለው ሀብታችን ሁሉ አገር ቤት ስለሆነ፣ ይህኛው ዓለምን ቢዞር ይሻላል።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው። እያንዳንዱ ደጋፊ ለሚኖርበት አገር ግብር የሚስማማውን፣ የበለጸጉትንም በማደግ ላይ ያሉትንም አገሮች የያዘ ሰፊ ፈንድ ይምረጥ። የሁለት ዓመት የትምህርት ወጪ ግን ከፈንዱ ውጭ በባንክ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ የበለጸጉት አገሮች አክሲዮን ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። እንዲያ ያለ ጊዜ ቢመጣ ለመመዝገቢያ ብለን በርካሽ እንዳንሸጥ፣ ልጆቹም ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን። የተወሰነውንም ለደጋፊዎቻችን ጽፈን እንልካለን።