ቲሸርት ላይ የሚቀረው አራት ማዕዘን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሰዎች ሆነን ስለ ሕትመት ማሽን ለመናገር መነሣታችን ሳይገርማችሁ አይቀርም። ያስነሣን ከብልሽት መዝገባችን አንዱ ገጽ ነው። ባለፈው ክረምት ለምረቃ በዓል ካተምናቸው 80 ውሃ ሰማያዊ ቲሸርቶች 31ዱ ተመለሱብን። ሥዕሉ ደማቅ ነበር፤ ፊደሉም አልተዛነፈም። ነገር ግን ወረቀቱ ያረፈበት ቦታ በሥዕሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ እያብለጨለጨ ቀርቷል። ደንበኛዋ «ይህን ለልጆቹ አላለብስም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

እኛም ቸኩለን ኪሳራውን ማሽኑ ላይ ከነበሩት ሁለት እህቶቻችን ድርሻ ቀነስን። «ተጠንቅቃችሁ አልሠራችሁም» አልናቸው። ለዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ መዝገቡን ስናገላብጥ ግን ሌላ ነገር ታየን። ነጭ ቲሸርት ሲሆን ብልሽት የለም ማለት ይቻላል። ውሃ ሰማያዊና ቢጫ ሲሆን ግን ማንም ይሥራው ማን ምልክቱ አለ። ከሁለቱ እህቶች ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በተበላሹት ቲሸርቶች ላይ ሙከራ ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰብሊሜሽን ሕትመት ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ትነት ይለወጥና ፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ቢታጠብ የማይለቀው፤ ጥጥ ላይ የማይሠራውም ለዚሁ ነው። ፖሊስተር ግን ራሱ የፕላስቲክ ዘር ነው። ከ250 ዲግሪ ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ይለሰልሳል። በለሰለሰበት ሰዓት የወረቀቱ ጠርዝ በኃይል ሲጫነው ክሩ ይደፈጠጣል፣ እንደተደፈጠጠም ይቀዘቅዛል። ቀላሉን ምልክት የካውያ እንፋሎት ሊያነሣው ይችላል፤ የከፋው ግን አይመለስም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልን ስፖንጅ ነው። ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ማለታችን ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅማ ማሽኑ ላይ ቀልጦ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ስፖንጁን ከሥዕሉ ትንሽ አስፍተን፣ ከወረቀቱ ግን አጥብበን ቆረጥነው፤ ከቲሸርቱ ውስጥ፣ ከሥዕሉ በታች እናስገባዋለን። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚጫነው ስፖንጁ ከፍ ያደረገውን ቦታ ብቻ ነው። የወረቀቱ ጠርዝ፣ ስፌቱና አንገቱ ዝቅ ብለው ይቀራሉ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የምንለጥፈው ፕላስተርም ራሱ ምልክት ስለሚያወጣ ከስፖንጁ ውጭ እናደርገዋለን።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ቀድሞ በ200 ዲግሪ፣ ለ45 ሰከንድ፣ መጫኛውን አጥብቀን እንሠራ ነበር። አሁን 190 ዲግሪ፣ 60 ሰከንድ፣ መጫኛውም ላላ ያለ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከፈዘዘብን ጥቂት ሰከንድ እንጨምራለን እንጂ ሙቀቱን አንነካም። ጨርቁ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ አዲስ ጥቅል በመጣ ቁጥር አንዱን ለሙከራ እናውላለን። ይህን አንድ ቲሸርት በብልሽት ሳይሆን በጥሬ ዕቃ ወጪ መመዝገብ ጀምረናል፤ ኦዲተር ቢጠይቀንም መልስ አለን።

ወረቀቱን በመቀስ ከመከርከም ዳር ዳሩን በእጅ መቅደድም ይረዳል፤ የተቀደደ ጠርዝ ስስ ነው። ከላይ የምናለብሰው መሸፈኛ ደግሞ ከማሽኑ ሳህን መስፋት አለበት። አነስ ያለ ቴፍሎን ራሱ ሌላ አራት ማዕዘን ትቶብን ያውቃል፤ አሁን ሰፋ ያለ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት እንጠቀማለን።

ከመስከረም ወዲህ 120 ባለ ቀለም ቲሸርት ታትሟል። በብልሽት የተመዘገበው 2 ነው፤ አንዱ በመሐል መብራት ጠፍቶ የተበላሸ ነው።

ማሽኑን የገዛችሁልን ደጋፊዎቻችን፣ ማሽኑ ደኅና ነው። እህቶቻችንም አላጠፉም፤ ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ከድርሻቸው የቀነስነው ገንዘብ በዚህ ወር ክፍፍል እንዲመለስላቸው የውሳኔ ሐሳብ አቅርበናል። ድምፅ እንድትሰጡበት የመዝገቡን ገጽ ይዘን መጥተናል፤ ከፊት ጠረጴዛው ላይ አለ።