መኪና ለሌለው ምእመን እግር የሆኑት
በጠዳ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአስፋልቱ ሚኒባሱና አውቶቡሱ ያልፋሉ፤ አብዛኛው ምእመናችን የሚኖረው ግን ከአስፋልቱ ርቆ ነው። እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣው ገበሬ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ምርኩዝ የያዙት አረጋዊ አስፋልቱ ዘንድ የሚደርሱት በእግር፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ ነው። ስለዚህ ጋሪና ባጃጅን የመንገድ እንቅፋት ብቻ አድርገን ልናያቸው አይገባም፤ መኪና ለሌለው ሰው እግሮቹ ናቸውና።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላም ሕዝቡ ሚኒባስ ታክሲን አልተወም፤ ባቡሩ ከሐዲዱ አይወጣም፣ ታክሲው ግን ሰፈር ድረስ ይገባል። ኬንያም ማታቱ የሚባሉትን ታክሲዎች ከመንገድ አላስወጣችም፤ በ1996 ዓ.ም. የፍጥነት መገደቢያና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው አስገደደች እንጂ።

በእኛም ዘንድ ጥፋት አለ። ትርፍ መጫን፣ ያለ መብራት መሄድ፣ ዝናብ ሲጥል ዋጋ መጨመር፣ የቆሰለ ፈረስ መግረፍ በደል ነው። ይሁን እንጂ ባጃጁ የሌላ ሰው የሆነበት ወጣት የዕለቱን ገቢ ሳያሟላ ወደ ቤቱ አይገባም። ባለጋሪውም ሹፌሩም በየደብራችን የተጠመቁ ልጆቻችን ናቸው። ልናርማቸው እንጂ ልንጥላቸው አይገባም።

ደጉ ሳምራዊ ለቆሰለው ሰው አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ በገዛ እንስሳው ጭኖ አደረሰው፤ የማረፊያውንም ከፈለለት። ርኅራኄው መጓጓዣና ገንዘብ ጠይቆታል።

እኛም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ለማድረስ ፈቃደኛ የሆኑ ሹፌሮችና ባለጋሪዎች ስልክ ተመዝግቦ በእድሩ ዳኛ እጅ ይቀመጥ፤ ሒሳቡንም ሰበካ ጉባኤውና እድሩ አስቀድመው ይወስኑ። እናት በምጥ ላይ ሆና ዋጋ አትከራከር። ሁለተኛ፣ ለንግሥ በዓል ጋሪና ባጃጅ የሚቆሙበት ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ራቅ ብሎ ይለይ፤ ታሪፉም ለሕዝብ ይነገር። ሦስተኛ፣ ንስሐ አባቶች እነዚህን ልጆች ጠርተው ስለ ተሳፋሪውም ስለ እንስሳውም ያስተምሯቸው።

በሚቀጥለው ጉባኤያችን ከእያንዳንዱ ደብር የምንጠይቀው፣ ስንት ስም እንደ ተመዘገበ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።