የአሮጌ ቤታችን ሒሳብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ደባርቅ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ ከዚህ ቦታ ቆመን የምናነብላችሁ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። ዛሬ እሱን ካነበብን በኋላ ትንሽ ታገሡን። በብድር መዝገባችን ላይ «ለምን ጉዳይ» የሚል አምድ አለ። ድሮ እዚያ ላይ የምንጽፈው በግ ማርቢያ፣ ጠላ መጥመቂያ፣ ጉልት መነገጃ ነበር። አሁን አሁን «ለቤት እድሳት»፣ «ክፍል ለመጨመር» የሚለው እየበዛ ነው። ስለዚህ ስለ ቤት እንነጋገር። ስለ አዲስ ቪላ ሳይሆን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነው፣ ተወልደን ስላደግንበት ቤት።

ያ ቤት ሲሠራ ለሌላ ኑሮ ነበር የተሠራው። አንድ ሰፊ ክፍል፣ በመጋረጃ የተለየ ጓዳ፣ ዙሪያውን መደብ፣ እሳቱም እዚያው። ዛሬ ልጆቻችን መብራት ስር ተቀምጠው ያጠናሉ፤ ሴት ልጅ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል ትፈልጋለች፤ አማት ታማ ትመጣለች። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ከተራራው ወርደው ደባርቅ ሲሰፍሩ፣ በ2013 ክረምትም ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ በኩል ወገኖቻችን ተፈናቅለው ሲመጡ፣ ቤት ምን ያህል እንደሚጠብ ሁላችንም አይተናል። ቤቱ አልተለወጠም፤ ኑሮው ግን ተለውጧል።

መጀመሪያ የምንለው ይህን ነው፦ ለማፍረስ አትቸኩሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ለእናንተ አንነግርም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት፣ ገላው ስስ ነው፤ በዚህ ብርድ የልጆች መኝታ ሲሆን ይቀዘቅዛል። ከእኛ አንዷ ደህናውን የጭቃ ቤቷን አፍርሳ በብሎኬት ጀመረች። ገንዘቡ ጣሪያ ሳይደርስ አለቀ፤ ሁለት ክረምት በኪራይ ቤት አሳለፈች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። የእኛ ምክር መኝታው በጭቃው ቤት ይቅር፣ ውኃና እሳት ያለበት ክፍል ግን በብሎኬት ይጨመር ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ቤት እንደ ሰው እግርም ራስም አለው። ከእግሩ እንጀምር። የጭቃ ቤት ቋሚው የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ እንጨት ነው፤ የሚበሰብሰውም አፈር በሚነካበት በኩል ነው። ልስኑን ከሥሩ ትንሽ ፈልፍላችሁ እንጨቱን በቢላ ውጉት። ቢላው ያለ ችግር ከገባ እግሩ አልቋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነቀልም። ጣሪያው በድጋፍ ይያዝና አንድ በአንድ ይቀየራል፤ ከሥሩም በድንጋይና በሲሚንቶ እስከ ጉልበት የሚደርስ መሠረት ይገነባል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቤቱ ሥር እንዳይተኛ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል።

ከዚያ ራሱ ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ብዙዎቻችን ቁጥሩ የበለጠው የተሻለ መስሎን ገዝተናል። አሸንዳም አትርሱ፤ ውኃውን ከግድግዳው ያርቃል፣ በርሜልም ይሞላል።

ገላው መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ቤቱን ዘመናዊ ያስመስላል እንጂ አይጠቅመውም። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይሰነጠቅና ይረግፋል። እስኪረግፍም ድረስ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ማገሩን ያበሰብሳል። ቀናት የቆየ፣ ጭድ በደንብ የበላ ጭቃ ምረጉና ላዩን ኖራ ቀቡት። እናቶቻችን ያውቁት የነበረ ነው።

አሁን ወደምንጨምረው ክፍል እንምጣ። እስኪ ወጥ ቤት እንሥራ፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ጎኑ 3 ሜትር። በ4 ሜትሩ በኩል ከአሮጌው ቤት ስለሚጠጋ የሚገነባው ሦስት ግድግዳ ነው፤ 3 እና 4 እና 3፣ ድምሩ 10 ሜትር። ከፍታው 2.40 ሜትር ቢሆን 24 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 3 ካሬ ቀንሱ፤ 21 ቀረ። ባለ 20 በ40 ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ከግማሽ ይገባል። 21 ጊዜ 12 ከግማሽ 263 አካባቢ ነው። ለሚሰበረው ጨምረን 280 እንበል። እንግዲህ ግምበኛው «400 ግዢ» ካለሽ፣ «120ው የት ነው የሚገባው?» ብለሽ ጠይቂው። ፌሮ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ የሚባሉት ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸውና ከባድ ይመስላሉ፤ ሒሳቡ ግን ጉልት ላይ ከምታሰሉት አይከብድም።

አዲሱ ግድግዳ የራሱ መሠረት ይኑረው። ከጭቃው ግድግዳ ጋር አታቆላልፉት፤ ሁለቱ እኩል ስለማይረግጡ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቀዋል። ጣሪያው ከአሮጌው ቤት ጣሪያ ዝቅ ይበል። ጭሱ ወደ መኝታ እንዳይመለስ ከፍ ያለ መውጫ ይኑረው። እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ከሆነ ምርጥ የተባለውን ምድጃ አስቡበት፤ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለክፍሉ የወጣው ገንዘብ በዓይናችንና በደረታችን ጤና ይመለሳል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። አፈር ከመቆፈሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ከማዘጋጃ ቤት ይወሰድ፤ የሕንፃ ሕጉ ይህን ይጠይቃል። በቀበሌ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ቤት ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ በጽሑፍ ሳይፈቀድ የጨመራችሁት ክፍል የእኔ ነው ብላችሁ የምትከራከሩበት አይሆንም።

አሁን የምንናገረው ከሁሉም ይከብደናል። አንዲት አባላችን ባሏ ከወላጆቹ በወረሰው ቤት ገብታ ለብዙ ዓመት ኖረች። ዕቁብ በወጣላት ቁጥር እዚያ ቤት ላይ አዋለችው፤ ጣሪያውን ቀየረች፣ ወጥ ቤት ጨመረች። ባሏ ሲሞት ከቀድሞ ትዳሩ የተወለዱት ልጆች ውርስ ጠየቁ። ክፉዎች አልነበሩም፤ መብታቸውን ነው የጠየቁት። በቤተሰብ ሕጋችን ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስ የተገኘ ንብረት የግል ነው፤ በትዳር ውስጥ የተሠራበት ገቢ ግን የጋራ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ያወጣሽውን አሳዪ» አሏት። የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ደረሰኝ ነበራት። የድንጋዩ፣ የአሸዋው፣ የአናጺው ደመወዝ፣ ለሠራተኛ ያበላችው እንጀራ ግን የትም አልተጻፈም። ወረቀት ያለው ተቆጠረላት፤ የቀረው ወሬ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ዋናውን ቤት ለቃ፣ በገዛ እጇ በጨመረችው ወጥ ቤት ውስጥ ትኖራለች።

ጥፋቱ የእኛም ነው። የብድሯን ክፍያ ከነሳንቲሙ ስንመዘግብላት ኖረናል። «የቤቱን ወጪስ ጽፈሽዋል?» ብለን ግን አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ የእድሳት ብድር በሦስት ጊዜ ይሰጥ፤ ለእግር፣ ለራስ፣ ከዚያም ለሚጨመረው ክፍል። ያለፈው ሥራ ታይቶ፣ ደረሰኙ ቀርቦ ቀጣዩ ይለቀቅ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዷ ተበዳሪ አንድ የቤት ደብተር ይሰጣት። ደረሰኝ የማይሰጥበት ወጪ፣ አሸዋም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ ተቀባዩ እየፈረመ ይጻፍበት፤ መጻፍ የማትችለው ልጇ ወይም ጸሐፊያችን ይጻፍላት። ሦስተኛ፣ ቤቱ የማን እንደሆነና ወጪው ከየት እንደመጣ ባልና ሚስት ሥራው ሳይጀመር በምስክር ፊት ይፈራረሙ። ይህ ባልን መጠርጠር አይደለም። ባልም ቢቀር ልጆች እንዳይጣሉ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። አዲስ ቆርቆሮ ፎቶ ላይ ያምራል፤ የተቀየረ የምሰሶ እግር አይታይም። እናንተ ግን የማይታየውን ደግፉልን፤ ቤቱን የሚያቆመው እሱ ነውና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዛሬ ማታ እስካሁን ለቤታችሁ ያወጣችሁትን፣ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉ።