ብሬከሩ አልነሣ ሲል

ዛሬ የምንወያየው መብራት በገባበት ቤት ስለሚያጋጥም ችግር ነው። ምጣዱን ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ብናነሣውም መልሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ «ብሬከሩ ተበላሸ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው እሱ አይደለም። ውሻ ሲጮህ ውሻውን አንመታም፤ የመጣውን እናያለን። ብሬከርም እንደዚሁ ነው።

በአገራችን የቤት መብራት ኃይሉ 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ሽቦው ሲላጥ፣ አይጥ ሲበላው ወይም ምጣዱ ውስጥ ውኃ ሲገባ ኮረንቲው መንገዱን ስቶ ወደ መሬት ያመልጣል። ሰው ከነካው በሰውነቱ ያልፋል። መፈተሻ ቁልፍ ያለው ብሬከር ለዚህ የተሠራ ነው። አንድ አምፔር ለ1000 ተከፍሎ 30 እጅ ያህል ብቻ ቢያመልጥ ይወርዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የጎረቤት መብራት መኖሩን እንይ። እጃችንን እናድርቅ፤ ጫማ እናድርግ። የተሰካውን ሁሉ እንንቀል። ብሬከሩን እስከ ታች ገፍተን ወደ ላይ እናንሣው። ከቆመ፣ መልሰን እናውርደውና አንዱን ዕቃ ሰክተን እናንሣው። ዕቃውን ግን አንንካ። እንዲህ እያልን ሁሉንም በየተራ እንሞክር። ብሬከሩን የጣለው ዕቃ እስኪጠገን አይሰካ። ሁሉም ተነቅሎ ብሬከሩ ካልቆመ፣ ጉዳቱ የግድግዳው ሽቦ ወይም ራሱ ብሬከሩ ይሆናል፤ ባለሙያ እንጥራ።

ብሬከሩን በክር አንሰር፤ በእንጨት አንደግፍ፤ በሽቦም አንቀጥል። እንጀራ ቢዘገይ ይጋገራል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።